«ተረጋግጠው ሞቱ»፦ የሕዝብ መጨናነቅ አደጋ ታሪክ ከእግር ኳስ ሜዳ እርከኖች እስከ ላስታ ተራሮች

መግቢያ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበሩ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ከነዋሪዎቿ ቁጥር በእጅጉ የሚበልጥ ሕዝብ ታስተናግዳለች። ምእመናኑ ከ40 ቀናት በላይ የሚቆየውን የነቢያት ጾም ጾመው፣ ከፊሎቹም ለቀናት በእግር ተጉዘው ይደርሳሉ። የከተማው ሰው እግራቸውን አጥቦ ይቀበላቸዋል። በቤተ ማርያም ግቢ «ቤዛ ኵሉ» የተባለው ዝማሬ በሚቀርብበት ሰዓት ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ ማሜ ጋራ ተብሎ በሚጠራው የቋጥኝ አፋፍ ላይ የመላእክት ምሳሌ ሆነው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከሥር በግቢው ውስጥ የሰው ልጆች ምሳሌ ሆነው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ሕዝቡም በአፋፉ ዙሪያ፣ በግቢው ውስጥ፣ እንዲሁም ወደ ግቢው በሚያስገቡት ጠባብ የቋጥኝ መተላለፊያዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል።

ይህ አቋቋም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእግር ኳስ ተመልካቾች ይቆሙባቸው ከነበሩት እርከኖች ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው። በሁለቱም ቦታ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ ለማየት ይሰበሰባል፤ በሁለቱም ቦታ መግቢያውና መውጫው ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ቦታ ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለውን ሰው ሁኔታ ማወቅ አይችልም። በእግር ኳስ ሜዳዎች ይህ ሁኔታ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። የአደጋዎቹ ታሪክ በዝርዝር የተመረመረና የተጻፈ በመሆኑ፣ ታላላቅ በዓላት በሚከበሩባቸው አካባቢዎች ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በአማርኛ «ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ» ማለት የተለመደ ነው። ግሱ የእርስ በርስ ድርጊትን የሚያመለክት በመሆኑ ፍርድን በውስጡ ይዟል፤ ገዳዩም ሟቹም ያው ሕዝቡ ይሆናል። የበሩን ጥበት፣ የደረጃውን ቁልቁለት፣ የአስተናጋጁን ስሕተት ቃሉ አያነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ ከሕክምናም ከታሪክም አንጻር ትክክል አለመሆኑን ማሳየት፣ ይህንንም በማረም ረገድ የጤና ባለሙያው ያለበትን ኃላፊነት ማመልከት ነው።

ሰው በሕዝብ መካከል እንዴት ይሞታል?

በመጨናነቅ የሚደርሰው አሟሟት በሕክምና ጽሑፍ በግልጽ የሰፈረው ከ180 ዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በፓሪስ ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ ለንጉሣዊ ሠርግ በተዘጋጀ ትርኢት ላይ መጨናነቅ ተፈጥሮ ሰዎች ሞቱ። አስከሬኖቹን የመረመረው ፈረንሳዊው ሐኪም ኦሊቪዬ ዳንዤ የሟቾቹ ፊትና አንገት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለውጦ፣ በቆዳቸውም ላይ ነቁጥ የመሰሉ የደም ነጠብጣቦች ወጥተው ማየቱን መዘገበ። ፊትን እንደ ጭንብል የሚሸፍነው ይህ የደም መቋጠር ዛሬም በደረት መጨመቅ ለሚመጣ መታፈን ዋና መለያ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ነጠብጣቦቹ ዛሬ ፔቴኪያ ተብለው የሚታወቁት ናቸው።

አሠራሩ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሰው አየር ለማስገባት ደረቱ መስፋት፣ ድያፍራሙም ወደ ታች መውረድ አለበት። ከፊትና ከኋላ የተጨመቀ ሰው አየር ማስወጣት ይችላል፤ መልሶ ማስገባት ግን ይሳነዋል። በደረቱ ላይ ያረፈው ግፊት የደም ዝውውሩንም ያውካል። በዚህ ሁኔታ ሰው በቆመበት፣ አንድም አጥንት ሳይሰበር፣ ማንም ሳይረግጠው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብዙ ጊዜ ሟቹ ራሱን ከሳተ በኋላም ሳይወድቅ በዙሪያው ባሉት ሰዎች አካል ተደግፎ ይቆማል። ለመጮኽ አየር ስለሚያስፈልግ በጣም የተጎዳው ሰው ድምፅ የለውም። ስለዚህ አደጋው ከሩቅ ሲታይ ጸጥ ያለ ነው።

ወሳኙ መለኪያ የሰው ጥግግት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 4 ሰው ሲቆም እያንዳንዱ ሰው እርምጃውን መቆጣጠር ይችላል። ቁጥሩ 5 ሲያልፍ እንቅስቃሴው ይገደባል። ወደ 6 እና 7 ሲደርስ ሕዝቡ የግለሰቦች ስብስብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ፈሳሽ ይናወጣል፤ በአንዱ ጫፍ የተጀመረ ትንሽ ንቅናቄ እንደ ማዕበል እየጎለበተ በሌላው ጫፍ ያለውን ሰው ከግንብ ጋር ያጣብቃል። ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ተጣምመው የተገኙ የብረት አጥሮች የግፊቱን ኃይል መስክረዋል። በዚህ ደረጃ ላይ «አትጋፉ» የሚለው ምክር ትርጉም ያጣል፤ ማንም ሰው ሆን ብሎ አይገፋምና። ከኋላ ወደ ፊት ግፊት ይተላለፋል፤ ከፊት ወደ ኋላ ግን መረጃ አይተላለፍም። ከፊት ያለው ሲሞት ከኋላ ያለው ገና ለመግባት ይጣደፋል።

ሕዝቡ በድንጋጤ ራሱን ፈጀ የሚለው አስተሳሰብም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ድንጋጤ በአብዛኛው መጨናነቁ ካየለ በኋላ የሚከተል ስሜት ነው። ከአደጋው አስቀድሞ የሚገኘው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ ቁጥር፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ የተዘጋ በር ወይም የተሳሳተ ትእዛዝ ነው።

በኢብሮክስ ደረጃ ላይ

የብሪታንያ የእግር ኳስ ሜዳዎች ታሪክ ይህንን በጉልህ ያሳያል። በግላስጎ ከተማ በሚገኘው ኢብሮክስ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንጨት የተሠራ የተመልካች እርከን ተደርምሶ 25 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክለቦች እርከኖቻቸውን በአፈር ቁልል ላይ መሥራት ጀመሩ። የመደርመስ አደጋ ቀነሰ፤ የመጨናነቅ አደጋ ግን በቦታው ቀረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 በቦልተን ከተማ በርንደን ፓርክ ሜዳ ከአቅም በላይ በገባ ሕዝብ 33 ሰዎች ታፍነው ሞቱ። አስከሬኖቹ ከሜዳው ዳር እንደተሸፈኑ ጨዋታው እንዲቀጥል ተደረገ። ከጦርነት የወጣው የዚያ ዘመን ኅብረተሰብ ሞቱን እንደ ክፉ አጋጣሚ ቆጥሮት አለፈ።

እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1971 ዳግመኛ በኢብሮክስ፣ በሬንጀርስና በሴልቲክ ክለቦች ጨዋታ ማብቂያ ላይ፣ ደረጃ 13 በተባለው መውጫ 66 ሰዎች ሞቱ፤ ከ140 በላይ ቆሰሉ። በጨዋታው መጨረሻ ደቂቃዎች ሴልቲክ ጎል አግብቶ፣ ሬንጀርስም ወዲያው አቻ አድርጎ ነበር። ወሬው በፍጥነት ተዛመተ፤ «ቀድመው የወጡት ደጋፊዎች የጎሉን ጩኸት ሰምተው ወደ ኋላ ሲመለሱ ከሚወርዱት ጋር ተጋጩ» ተባለ። ምርመራው ግን ይህንን አልተቀበለም። ሕዝቡ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታች እየወረደ ነበር። አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በወደቁ ጊዜ ከላይ የሚወርደው ሕዝብ መቆም ስላልቻለ በላያቸው ተከመረ። ደረጃው ቁልቁለት ያለው፣ ወደ ጎን ማምለጫ የሌለው ነበር። በዚያው ደረጃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 ሁለት ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ1967 እና በ1969 ደግሞ ብዙዎች ቆስለዋል። ማስጠንቀቂያው ለአሥር ዓመታት ተደጋግሞ ታይቷል ማለት ነው።

ከዚህ አደጋ በኋላ የተሾመው ዳኛ ዊትሊ ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በ1972 አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት አረንጓዴው መመሪያ በመባል የሚታወቀው የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ታተመ፤ በ1975 ደግሞ ለስፖርት ሜዳዎች ደህንነት ሕግ ወጣ። መመሪያው ቀላል ሐሳብ ይዟል፦ የአንድ እርከን አቅም የሚለካው በገበያው ፍላጎት ሳይሆን በስፋቱና በመውጫዎቹ ነው። በመጀመሪያ በ10 ካሬ ሜትር እስከ 54 ሰው ይፈቀድ የነበረው ጣሪያ ከጊዜ በኋላ ወደ 47 ዝቅ ብሏል። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በታች መሆኑ ነው።

ሂልስቦሮና «9 ሰዓት ከ15»

ሕግና መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ የታየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም ነው። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሚገቡባቸው በሮች ጥቂት ስለነበሩ ከጨዋታው በፊት በውጭ ከፍተኛ መጨናነቅ ተፈጠረ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ የፖሊስ አዛዡ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። የገባው ሕዝብ ፊት ለፊቱ ባገኘው ዋሻ መሰል መተላለፊያ አልፎ አስቀድመው ወደ ሞሉት ሁለት የታጠሩ ክፍሎች ፈሰሰ፤ በጎን ያሉት ክፍሎች ግን ገና ሰፊ ቦታ ነበራቸው። መተላለፊያውን የዘጋ፣ ሕዝቡንም ወደ ጎን የመራ አልነበረም። ከፊት ተመልካች ወደ ሜዳ እንዳይገባ የተተከለ ከፍተኛ የብረት አጥር ነበር። ጨዋታው የቆመው 9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ ነው። የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደረሰ። ዘጠና ሰባተኛው ሰው በዕለቱ በደረሰበት የአንጎል ጉዳት ከ32 ዓመታት በኋላ በ2021 ያረፈ ነው።

ለሕክምና ሙያ ከአደጋው የማይተናነስ ትምህርት ያለው በቀጣዮቹ ዓመታት በተፈጸመው ነገር ላይ ነው። ፖሊስ ጥፋቱን በደጋፊዎቹ ላይ ለማላከክ ሞከረ፤ ሰክረው ነበር፣ ትኬት አልነበራቸውም፣ በሩን ሰብረው ገቡ ተባለ። የሟቾቹ ሁሉ ደም ለአልኮል ተመረመረ፤ ከመካከላቸው የ10 ዓመት ሕፃን ይገኝበታል። የአሟሟት ምክንያት አጣሪው ዳኛ ሟቾቹ ሁሉ እስከ 9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ድረስ ከመዳን ውጭ የሆነ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር በሚል መነሻ፣ ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለተደረገው የሕይወት አድን ሥራ ማስረጃ እንዳይሰማ ወሰነ። ስለዚህ የአምቡላንሶች መዘግየት፣ በሜዳው ላይ ኦክስጂንና መሣሪያ መጥፋቱ፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ በወቅቱ ሥራ ላይ አለመዋሉ ሁሉ ከምርመራው ውጭ ሆነ። ዳኛ ቴይለር በነሐሴ 1989 ባቀረበው ሪፖርት ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር ጉድለት መሆኑን ቢገልጽም፣ በ1991 የተሰጠው የአሟሟት ውሳኔ «ድንገተኛ ሞት» የሚል ነበር።

ውሳኔውን ያናጋው በከፊል የሕክምና ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሪፖርቱን ያወጣው ገለልተኛ ቡድን አባል የነበረው ሐኪም ቢል ከርከፕ የአስከሬን ምርመራ ሰነዶችን አንድ በአንድ መረመረ። ከሟቾቹ እስከ 41 የሚሆኑት ተገቢውን እርዳታ በጊዜው ቢያገኙ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር አመለከተ። የተወሰኑት ልብና ሳንባ ከተባለው ሰዓት በኋላም ለረጅም ጊዜ ይሠራ እንደነበር ሰነዶቹ ያሳያሉ። ሪፖርቱ ከ160 በላይ የፖሊስ ምስክርነቶች መሠረታዊ ለውጥ እንደተደረገባቸውም አጋለጠ። የቀድሞው ውሳኔ ተሽሮ አዲስ ምርመራ ተካሄደ፤ በሚያዝያ 2016 ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳላደረጉ ተወሰነ። ቤተሰቦች ይህንን ለመስማት 27 ዓመታት ጠብቀዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ነጥብ ግልጽ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈረ የሞት ሰዓትና የሞት ምክንያት ታሪክን ለአሥርት ዓመታት ሊያዛባ፣ በኋላም ሊያቃና ይችላል። «ታፍኖ ሞተ» ተብሎ ሰዓቱና ቦታው ከተመዘገበ «ያፈነው ምንድን ነው? የደረሰለትስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ተረጋግጦ ሞተ» ከተባለ ግን ጥያቄው በዚያው ይዘጋል።

ከሊማ እስከ አክራ፣ ከቢሾፍቱ እስከ አረርቲ

አደጋው በአንድ አገር ወይም በአንድ ስፖርት የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1964 በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ፖሊስ በተመልካች ላይ አስለቃሽ ጢስ ሲተኩስ፣ ሕዝቡ በመውጫ ደረጃዎቹ ወርዶ የተዘጉ የብረት በሮች ስለገጠሙት በይፋ በተሰጠው ቁጥር 328 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 በጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ በሞላ ስታዲየም ላይ ተጨማሪ ሕዝብ ሲገባ 43 ሰዎች ሞቱ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 9 ቀን፣ በአክራ ስታዲየም አስለቃሽ ጢስና የተቆለፉ በሮች ተደምረው 126 ሰዎችን ገደሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ስታዲየም 135 ሰዎች የሞቱት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከሊማው አደጋ 58 ዓመታት ቢያልፉም የሞቱ መንገድ አልተለወጠም።

በአገራችንም ስታዲየሙ ሕዝብን የመሰብሰብ ረጅም ታሪክ አለው። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ሲወስድ እርከኖቹ በሰው ተሞልተው ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ እየተባሉ የሚጠሩት የስታዲየሙ ክፍሎች የየራሳቸው ወግና ታማኝ ተመልካች ያፈሩ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑ ሱዳንን አሸንፎ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስም የሕዝቡ ስሜት እንዲሁ ከፍ ያለ ነበር። ይሁንና ኢትዮጵያውያን ከስታዲየም ይልቅ በብዛት የሚሰበሰቡት በበዓላት አደባባይ ነው። ስለዚህ የእርከኖቹ ታሪክ በአገራችን ተደግሞ የታየው በዚያው በበዓላት ላይ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጢስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲሸሽ ብዙዎች በአቅራቢያው ባለው ገደል ውስጥ ወድቀው ተደራርበው ሞቱ። መንግሥት በወቅቱ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሲገልጽ፣ ሌሎች ወገኖች ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ የበለጠ መሆኑን ተናግረዋል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት በተመዘገበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም በግንባታ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረ የእንጨት ርብራብ በምእመናን ላይ ወድቆ ቢያንስ 36 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ተጎዱ።

እነዚህ አደጋዎች በአነሣሣቸው ይለያያሉ። የቢሾፍቱው የሊማንና የአክራን፣ የጎንደሩና የአረርቲው ደግሞ የ1902ቱን የኢብሮክስ አደጋ ይመስላሉ። የሚያመሳስላቸው ግን ሟቾቹ በቦታው መገኘታቸው እንጂ ሌላ ጥፋት የሌላቸው መሆኑ ነው።

የላስታ ቋጥኝ

ላሊበላ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትታየው በአሠራሯና በአቀማመጧ ምክንያት ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው። ግቢዎቻቸው ወደ መሬት የጠለቁ፣ መተላለፊያዎቻቸው ጠባብ ቦዮችና ዋሻዎች ናቸው። የቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ከአፋፉ ከ10 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በእነዚህ መተላለፊያዎች ሰው ተከታትሎ የሚያልፈው አንድ በአንድ ወይም ሁለት በሁለት ሆኖ ነው፤ ግራና ቀኙ አለት ስለሆነ ወደ ጎን መሸሻ የለም። በኢብሮክስ ደረጃ 13 ላይ የጠፋው ነገር በላሊበላ ከመጀመሪያውም በአሠራሩ ውስጥ የለም።

ቀደም ባለው ዘመን የመንገዱ ድካም ራሱ የሕዝቡን ቁጥር ይወስን ነበር። ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰው በበቅሎና በእግር ስለሚጓዝ ቀስ በቀስ ይደርሳል፤ ቀስ በቀስም ይበተናል። የመኪና መንገድና የአውሮፕላን ጉዞ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙ ሰው በአንድ ቀን መድረስ ችሏል። መንገዱ ሰፍቷል፤ ቋጥኙ ግን አልሰፋም። ቅርሱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ሊሰፋም አይገባውም። በብሪታንያ የባቡር መስመሮች ብዙ ሺህ ተመልካች ወደ ጠባብ ደረጃዎች ማምጣታቸው ተመሳሳይ ነገር ነበር። ልዩነቱ ደረጃ ፈርሶ እንደገና ሊሠራ መቻሉ ነው። በላሊበላ ሊለወጥ የሚችለው የሕዝቡ አካሄድና ሰዓት ብቻ ነው።

የሰውነት ሁኔታም ሊታሰብ ይገባል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ፣ በጾም የሰነበተ፣ በብርድ ያደረ፣ ዕድሜው የገፋ ምእመን ትንፋሹ ሲታገድ የሚያቆየው የኦክስጂን ክምችት ያንሰዋል። ነፍሰ ጡሮችና በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃናትም በሕዝቡ መካከል አሉ። ወደ ወልድያም ሆነ ወደ ደሴ ሪፈር ለማድረግ የሚወስደው መንገድ ሰዓታትን ይፈጃል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ዝርፊያና ውድመት የደረሰባቸው መሆኑ ሲታከልበት፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ብቻ በሚሰጥ ሕክምና መተማመን እንደማይቻል ግልጽ ይሆናል።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

የመጀመሪያው ሥራ ከበዓሉ በፊት የሚሠራ ነው። የጤና ባለሙያው ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር፣ ከሰንበት ተማሪዎች፣ ከከተማው አስተዳደርና ከፖሊስ ጋር አብሮ በመቀመጥ የእያንዳንዱን ግቢና መተላለፊያ ስፋት ለክቶ የሚችለውን የሰው ቁጥር ማሳወቅ ይችላል። የመግቢያና የመውጫ መተላለፊያዎች እንዲለዩ፣ ሕዝቡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲጓዝ፣ ለተመልካች የሚሠራ የእንጨት ርብራብም በመሐንዲስ ሳይመረመር ሰው እንዳይወጣበት መምከር ይገባዋል። መግቢያው የሚገታው መጨናነቁ በታየበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ ርቆ በሰፊው ሜዳ ላይ መሆን አለበት፤ በሂልስቦሮ የጠፋው ይህ ነበርና። በላስታ አንድ ትልቅ ሀብት አለ፤ ሕዝቡ የካህናትን ድምፅ ይሰማል። ከአፋፉ ላይ የሚነገር «ባላችሁበት ቁሙ፣ ከኋላ ያላችሁ አንድ እርምጃ ተመለሱ» የሚል ግልጽ ቃል ከዱላም ከፊሽካም የተሻለ ይሠራል።

ሁለተኛው ሥራ በዕለቱ የሚሠራ ነው። የእርዳታ ድንኳን ሕዝቡ በሚወጣበት በኩል፣ አልጋ ተሸካሚዎች ሊደርሱበት በሚችሉት ቦታ ይተከላል። አደጋ ከደረሰ በቅድሚያ መፈለግ ያለበት የሚጮኸው ሳይሆን ድምፁ የጠፋው ሰው ነው። ከጭምቁ የወጣና የማይተነፍስ ሰው የአየር ቧንቧው ተከፍቶ ትንፋሽ እንዲሰጠው፣ የልብ ምቱ ከቆመም የደረት መጫን ወዲያው እንዲጀመርለት ያስፈልጋል። ልዩነት የሚያመጣው እያንዳንዱ ደቂቃ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ለመነቃቃት ዕድል ያላቸውን ያለ ምርመራ እንደ ሞቱ መቁጠር አይገባም። የፊት መጥቆርና የዓይን ደም መቋጠር ያለበት ሰው ሁሉ አይሞትም፤ ብዙዎቹ ግፊቱ ከተነሣ ያገግማሉ። ለረጅም ጊዜ ተደራርበው የቆዩትም ጡንቻቸው ተጎድቶ ኩላሊታቸው ሊታወክ ስለሚችል የሽንታቸው ቀለምና መጠን ሳይታይ መሸኘት የለባቸውም።

ሦስተኛው ሥራ የምዝገባ ነው። ሟቹ የተገኘበት ቦታ፣ የተገኘበት ሰዓት፣ የተደረገለት እርዳታና የተቋረጠበት ጊዜ፣ በሰውነቱ ላይ የታዩ ምልክቶች በዕለቱ መጻፍ አለባቸው። በሞት የምስክር ወረቀት ላይም እውነተኛው ምክንያት፣ «በደረት መጨመቅ የመጣ መታፈን» ተብሎ መስፈር ይኖርበታል። ከአደጋው ሳይሞቱ የቀሩ የመጨናነቅ ምልክቶች፣ ለምሳሌ በአንድ መተላለፊያ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ቁጥር፣ በየዓመቱ ቢመዘገቡ የሚቀጥለው ዓመት ማስጠንቀቂያ ይሆናሉ። የኢብሮክስ ደረጃ ለአሥር ዓመታት ሲያስጠነቅቅ መዝግቦ እርምጃ የወሰደ አልነበረም።

ማጠቃለያ

በእግር ኳስ ሜዳዎች እርከኖች ላይ የጠፋው ሕይወት ለዓለም ያስተማረው ትምህርት በጥቂት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል። ሕዝብ መሰብሰቡ አደጋ አይደለም፤ ያልተለካ ቦታ፣ ያልተከፈተ በርና ያልተነገረ ማስጠንቀቂያ ግን አደጋ ናቸው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የእያንዳንዱ ተመልካች ቦታ በብረት የተለየባቸው የቁም መመልከቻዎች እንደገና መፈቀዳቸውም የሚያመለክተው መቆሙ ራሱ ጥፋት እንዳልነበረ ነው። የላሊበላ ምእመናንም በአፋፉ ላይ ቆመው የአባቶቻቸውን ዝማሬ የመስማት መብታቸው ከነሕይወታቸው ወደ ቤታቸው ከመመለስ መብታቸው ጋር የሚጋጭ አይደለም።

ሁለቱን ለማስታረቅ የጤና ባለሙያው ያለው መሣሪያ የልብ ማዳመጫው ብቻ አይደለም። ሜትሩ፣ ሰዓቱና ብዕሩም መሣሪያዎቹ ናቸው። በሜትር የቦታውን አቅም፣ በሰዓት የእርዳታውን ፍጥነት፣ በብዕር የሞቱን እውነተኛ ምክንያት ይመዘግባል። በመጨናነቅ የሞተ ሰው በወገኑ እግር ተረግጦ እንደሞተ ተደርጎ መጻፉ ሟቹንም ከሞት የተረፉትንም ይበድላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፉትን ለዚያው አደጋ ያጋልጣል።